በርት መንሮና ያረጀችው ሞተር ብስክሌቱ

በትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ክፍል ጀርባ፥ ከግድግዳው ጥግ፥ ሸራ የለበሰች አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ቆማለች። ጎማዋ ተንፍሷል፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ዝጓል፤ ካቴናዋም ከጥርሱ ጋር ተጣብቆ አንድ ብረት ሆኗል። ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ግቢው ሲጸዳ፥ ይህች ሞተር ብስክሌት ከውዳቂ ብረት ጋር ትሸጥ ወይስ ትቆይ የሚል ክርክር በክፍላችን ተነሣ። የሚበዙት ተማሪዎች ትሸጥ አሉ፤ ምክንያታቸውም ያረጀ ነገር ጊዜና ገንዘብ ከመጨረስ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም የሚል ነበር። እኛ ጥቂቶቹ ትቆይ ብንልም በቂ ማስረጃ ስላልነበረን ተረታን። መምህራችን ግን ፍርዱን ለአንድ ወር አቆይተው ማስረጃችንን በጽሑፍ እንድናቀርብ አዘዙን። ይህ ሐተታ የዚያ ትእዛዝ ፍሬ ነው።

ማስረጃ እንዲሆነን የመረጥነው የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ይህ ሰው ባለጸጋ አልነበረም፤ ከፍ ያለ የምሕንድስና ትምህርት ቤትም አልገባም። ነገር ግን በወጣትነቱ የገዛትን አንዲት ሞተር ብስክሌት እስከ ሽምግልናው ድረስ በቤቱ እያደሰ፥ እያሻሻለና እየነዳ ስሙን በዓለም የፍጥነት መዝገብ ላይ አስጻፈ። ስሙም በርት መንሮ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ለአንባብያን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኸርበርት ጄምስ መንሮ ማርች 25 ቀን 1899 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ ተወለደ። ኒው ዚላንድ ከአውስትራልያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ ሁለት ታላላቅ ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን፥ የተወለደባት ከተማ ኢንቨርካርጊል በደቡቡ ደሴት ጫፍ አጠገብ የተቈረቈረች ናት። ከእርሱ ጋር መንታ ሆና የተፀነሰችው እኅቱ ስትወለድ ሞተች። ሐኪሞቹም ሕፃኑ ከሁለት ዓመት በላይ ይኖራል ብለው ተስፋ እንደማያደርጉ ለወላጆቹ ነገሯቸው። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው ዋጋ የለውም ተብሎ የተፈረደበት ሰው ነበር ማለት ይቻላል። የሐኪሞቹ ግምት ግን ሳይፈጸም ቀርቶ 78 ዓመት ኖረ።

አባቱ ገበሬ ስለነበረ ልጁ ያደገው ኤደንዴል በምትባል የገጠር ስፍራ በእርሻ ሥራ ነው። በዚያም የፍጥነት ፍቅር ገና በልጅነቱ አደረበት። አባቱ እየተቈጣው እንኳ ከቤተሰቡ ፈረሶች ሁሉ ፈጣኑን መርጦ በሜዳው ላይ ይጋልብ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ዕድሜው ሲደርስ ወደ ጦር ሜዳ ለመዝመት አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ከእርሻው ሳይለይ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ እርሻው ስለተሸጠ፥ ኦቲራ በተባለው ስፍራ ተራራ ተበስቶ የባቡር መንገድ ሲሠራ ለአጭር ጊዜ በሠራተኛነት አገልግሏል። አባቱ ሌላ እርሻ በገዛ ጊዜ ግን ተጠርቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚያ ዘመን ሞተር ብስክሌት በገጠሩ ሰው ዘንድ አዲስ ነገር ነበረች። መንሮ በመጀመሪያ ከነዳቸው አንዷ በ1915 የተሠራች፥ ጋሪ በጎኗ የተቀጠለላት ክላይኖ የምትባል የእንግሊዝ ሥራ ነበረች። እርሱም ጋሪውን ፈትቶ አወጣና በእሽቅድምድም ላይ ይነዳት ጀመር። ፈትቶ የማየትና ትርፉን የመቀነስ ልማዱ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ይታያል።

በ1920፥ ዕድሜው 21 ዓመት ገደማ ሳለ፥ የሕይወቱን መንገድ የወሰነችውን ሞተር ብስክሌት አዲስ ገዛ። ስሟም ኢንዲያን ስካውት ይባላል። ኢንዲያን የሚለውን ስም የሰማ ሰው ከሕንድ አገር የመጣች እንዳይመስለው እናስገነዝባለን። ፋብሪካው በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ የነበረ ሲሆን፥ ስሙን የወሰደው ከአሜሪካ ጥንታውያን ነዋሪዎች ነው። ስካውት የተባለው ዓይነት በገበያ ላይ የዋለው በዚያው በ1920 ሞዴል ስለነበር፥ የመንሮ ሞተር ብስክሌት ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። ሁለት ሲሊንደሮች፥ ሦስት ማርሾችና 600 ሲሲ ያህል መጠን ያለው ሞተር ነበራት። ከፋብሪካ ስትወጣ ልትደርስበት የምትችለው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፥ ማለትም 88 ኪሎሜትር ያህል ነበር። አንባቢ ይህን ቍጥር በልቡናው ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

መንሮ ለጥቂት ዓመታት እንደ ማንኛውም ሰው ሲነዳት ከቆየ በኋላ በ1926 ያሻሽላት ጀመር። ይህን ሥራ የጀመረው ሊቅ ሆኖ አይደለም፤ የተሻለች ሞተር ብስክሌት የሚገዛበት በቂ ገንዘብ ስላልነበረውና በእጁ ያለችውን ስለወደዳት ነው። ትዳር መሥርቶ አራት ልጆችን ወልዷል። ኑሮውንም የሚያሸንፈው ሞተር ብስክሌት በመሸጥና በመጠገን ነበር። በአውስትራልያ ሜልበርን ድረስ እየኼደ ተሽቀዳድሟል፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የዓለም ኢኮኖሚ ሲደቅቅ ደግሞ ወደ እርሻው ተመልሶ ነበር። ቀን ለደመወዙ ሲሠራ ውሎ ሌሊት በራሱ ሞተር ብስክሌት ላይ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ሳይተኛ ነግቶበት በቀጥታ ወደ ሥራው ይኼድ ነበር።

የሥራ ቤቱን ብንጎበኝ ኖሮ የምናየው የተሟላ ፋብሪካ አልነበረም። መሣሪያ ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ብዙውን ራሱ ይሠራው ነበር። ለምሳሌ ያህል፥ ማይክሮሜትር የሚባለው የረቂቅ ውፍረት መለኪያ ውድ ስለሆነ፥ በእርሱ ፈንታ መለኪያ አድርጎ የሚጠቀመው ራጂ ከሚባለው የመንኰራኵር ሽቦ የሠራውን ነበር። ፒስተን ሲያስፈልገው ብረት አቅልጦ በአሮጌ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያፈስሳል፤ ሲበርድም አውጥቶ ልኩን እስኪይዝ ድረስ ያስተካክለዋል። ሲሊንደሮቹንና ቮላኖውንም እንዲሁ በእጁ ሠራ። ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘውን ቢየላ ደግሞ ከአሮጌ ትራክተር ዘንግ ቈርጦ፥ በእጁ ጠርቦ፥ በእሳትም አጠንክሮ አወጣው። ይህ ሁሉ ሥራ ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ፥ አንድ ቁራጭ ብረት በሞርሳ አስሮ በሞረድ የፈገፈገ ተማሪ ሁሉ ሊገምት ይችላል።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው በሞተሩ ላይ ያደረገው ለውጥ ነው። ስካውት ከፋብሪካ ስትወጣ ቫልቮቿ በሲሊንደሩ ጎን የተተከሉ ነበሩ። እንዲህ ያለው ሞተር ለመሥራት ቀላል ቢሆንም፥ አየርና ቤንዚን የተቀላቀሉበት እስትንፋስ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ተጠማዝዞ ስለሆነ በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ ይታፈናል። መንሮ ይህን ተረድቶ፥ ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ በላይ እንዲቀመጡ አድርጎ ቴስታታውን በራሱ ሐሳብ እንደገና ሠራው። ደግሞም ሲሊንደሩን እያሰፋ 600 ሲሲ የነበረውን ሞተር ቀስ በቀስ እስከ 950 ሲሲ አደረሰው። ጉልበቱ ሲጨምር የፋብሪካው ፍሪሲዮን መሸከም ስላቃተው እርሱንም ለወጠው፤ ጉልበቱንም ወደ ኋላ የሚያደርሰው በሦስት ረድፍ ካቴና እንዲሆን አደረገ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ይኸውም በአንድ ማሽን ላይ አንዱን ክፍል ያበረታ ሰው፥ ቀጥሎ የሚደክመውን ክፍል ራሱ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ሥራው አያልቅም ማለት ነው።

በ1953 የስፕሪንግፊልዱ ፋብሪካ ሞተር ብስክሌት መሥራቱን አቆመ። ፋብሪካው ሲዘጋ መለዋወጫ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ማሽኑን ወደ ጥግ ለማስጠጋት ይገደዳል። መንሮ ግን የሚያስፈልገውን በገዛ እጁ ማውጣት ከለመደ ብዙ ዘመን ስለሆነው፥ የፋብሪካው መዘጋት ሥራውን አላቆመበትም። የሠራውን የሚፈትንበት ስፍራ ደግሞ በከተማው አጠገብ ነበረ። ኦሬቲ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ጠንካራና ሜዳማ ይሆናል፤ እዚያም እንደ ልቡ ይነዳል።

ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ይፈነዳ ነበር። በሳምንታት ድካም የተሠራ ፒስተን በአንድ ቅጽበት ይቀልጣል፤ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ገላ ይበሳል። መንሮ እነዚህን ስብርባሪዎች አልጣላቸውም። በሥራ ቤቱ መደርደሪያ ላይ በተርታ ደርድሮ፥ ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች መሆናቸውን በላያቸው ጻፈበት። ይህ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት። ስሕተቱን የሚደብቅ ሠራተኛ ያንኑ ስሕተት ይደግመዋል፤ ስሕተቱን በመደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ግን በየቀኑ ያየዋል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይኼዳል እንደተባለው፥ የዚህ ትዕግሥት ፍሬ መታየት ጀመረ። በ1938 የመጀመሪያውን የኒው ዚላንድ የፍጥነት ሪኮርድ አገኘ፤ ከዚያም በኋላ ሰባት ሌሎች ሪኮርዶችን ጨመረ። በ1957 በባሕር ዳርቻው ላይ በሰዓት 131.38 ማይል፥ ማለትም 211 ኪሎሜትር ያህል ነዳ። ያን ጊዜ ዕድሜው 58 ዓመት ያህል፥ የሞተር ብስክሌቷም ዕድሜ 37 ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት አንድ የአሜሪካ መጽሔት ስሙን በላቲን ፊደል ሲጽፍ አንዲት ፊደል ቢሳሳት፥ እርሱ ስሕተቱን ወዶት ከዚያ ወዲህ ስሙን እንደዚያው ይጽፍ ነበር።

እዚህ ላይ የታሪኩን ሌላ ገጽ ካልጻፍን አንባቢን እናታልላለን። ለሞተሩ የተሰጡት ሌሊቶች ሁሉ ከአንድ ስፍራ የተወሰዱ ናቸው። በ1940ዎቹ ዓመታት ትዳሩ ፈረሰ። ሥራውንም ትቶ መኖሪያውን መኪና ማቆሚያ በመሰለች ትንሽ ጋራዥ ውስጥ አደረገ፤ አልጋው ከሞተሮቹ አጠገብ ነበር። በእሽቅድምድም ደጋግሞ ወድቆ ቈስሏል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የልብ ሕመም ያዘው። እኛ ይህን የምንጽፈው ሰውዬውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ታላቅ ሥራ ዋጋ እንዳለው፥ ዋጋውንም የሚከፍለው ሠሪው ብቻ እንዳልሆነ ተማሪ ሁሉ ማወቅ ስለሚገባው ነው። ሥራ ለሠሪው፤ እሾህ ላጣሪው ይባላል። በቤት ውስጥ የሚሠራ የትርፍ ጊዜ ሥራ ግን እሾሁ ቤተሰብንም ሊወጋ ይችላል።

መንሮ በአገሩ ሪኮርድ አልረካም። ሞተር ብስክሌቱ በእውነት ምን ያህል ልትሮጥ እንደምትችል ለማወቅ ከባሕሩ ዳርቻ የሚረዝምና የሚሰፋ ሜዳ አስፈለገው። እንዲህ ያለው ሜዳ በአሜሪካ፥ በዩታ ግዛት ይገኛል፤ ስሙም ቦንቪል ይባላል። በጥንት ዘመን ታላቅ ሐይቅ የነበረበት ስፍራ ደርቆ የቀረ የጨው ሜዳ ነው። መሬቱ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከዓለም ዙሪያ ፈጣን ማሽን ያላቸው ሰዎች ለመፈተን ይሰበሰቡበታል። ከኢንቨርካርጊል እስከዚያ ከ10,000 ኪሎሜትር በላይ ነው። መንሮም ገንዘቡን እያጠራቀመ በባሕር ተሻግሮ ኼደ።

አሁን የፊዚክስ ትምህርታችንን እናስታውስ። አንድ ነገር በአየር ውስጥ ሲሮጥ የሚገታው የአየር ኃይል በፍጥነቱ ካሬ መጠን ያድጋል፤ ያንን ኃይል ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ኩብ መጠን ያድጋል። ስለዚህ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ የሚሻ ሰው ስምንት እጥፍ ጉልበት ያስፈልገዋል። ስካውት ከ55 ማይል ተነሥታ 184 ማይል ለመድረስ ፍጥነቷ ከሦስት እጥፍ በላይ ማደግ ነበረበት። ቅርጿ ሳይለወጥ ቢሆን ኖሮ ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት ሠላሳ ሰባት እጥፍ ያህል ይሆን ነበር። አንድ አሮጌ ሞተር ይህን ያህል ጉልበት ሊያወጣ አይችልም። መንሮም ችግሩን በሁለት በኩል ገጠመው፤ ይኸውም በአንድ በኩል ጉልበቱን ሲጨምር፥ በሌላ በኩል ሞተር ብስክሌቷንና ነጂውን የሚሸፍን፥ ነፋስን በቀላሉ የሚሰነጥቅ እንደ ዓሣ የተሾጠጠ ሽፋን ሠራላት። ነጂውም በውስጡ በደረቱ ተኝቶ ይነዳል።

በቦንቪል ሪኮርድ የሚጸድቀው በአንድ ሩጫ ብቻ አይደለም። ነጂው የተለካውን ርቀት አንድ ጊዜ በመኼድ፥ ሁለተኛ ጊዜ በመመለስ ይሮጠዋል፤ የሁለቱም ሩጫ አማካይ ተወስዶ ይመዘገባል። ይህም የሚደረገው ነፋስ ከኋላ ገፍቶት ያገኘው ትርፍ እንዳይቈጠርለት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መንሮ በ1962፥ በ63 ዓመቱ፥ ሞተሩን ወደ 850 ሲሲ አድርሶ በሰዓት 178.95 ማይል፥ ማለትም 288 ኪሎሜትር በመንዳት የ883 ሲሲውን ክፍል የዓለም ሪኮርድ አገኘ። በ1966 በ1000 ሲሲ ክፍል 168.07 ማይል ነዳ። በ1967 ደግሞ፥ በ68 ዓመቱ፥ በ950 ሲሲ ሞተር ሦስተኛውን ሪኮርድ ተቀዳጀ። ሪኮርዱን ከማግኘቱ በፊት ለመመዘኛ ባደረገው አንድ ሩጫ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሰዓት 190.07 ማይል፥ ማለትም 305.89 ኪሎሜትር ደርሷል።

ይህ ሁሉ ያለ አደጋ አልሆነም። በዚያው በ1967 በታላቅ ፍጥነት ሲሮጥ ሞተር ብስክሌቷ ከሩጫው አጋማሽ በኋላ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዝ ጀመር። ፍጥነቷን ለመቀነስ ቀና ቢል ነፋሱ መነጽሩን ነጥቆ ወሰደው፤ ዓይኑም ማየት ተሳነው። ከመንገዱ ምልክት ርቆ ወጥቶ አንድ የብረት ችካል ለጥቂት ሳተ። በመጨረሻም ሞተር ብስክሌቷን በጎኗ ጥሎ በጨው ላይ ተንሸራተተ፤ እንደ ዕድል ሆኖ ከመላላጥ በቀር ብዙ አልተጎዳም። ይህን ያነበበ ተማሪ በከተማ መንገድ ላይ ይህን እሞክራለሁ እንዳይል እንለምነዋለን። መንሮ እንዲህ ያለውን ፍጥነት የሞከረው ሰውና ከብት በማይተላለፍበት ምድረ በዳ፥ ዳኞች ባሉበት ነው፤ ያም ሆኖ ለሞት ቀርቦ ነበር።

መንሮ ወደ ቦንቪል የኼደው ዐሥር ጊዜ ነው። ሮጀር ዶናልድሰን የተባለ የፊልም ባለሞያም ገና በሕይወት ሳለ ታሪኩን በዘጋቢ ፊልም አነሣው። በ1977 ግን በአንጎል የደም ሥር ሕመም ተመትቶ ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያም ወዲህ እጁና እግሩ እንደ ልቡ አልታዘዝለት አለ። ሞተር ብስክሌቶቹ ከትውልድ አገሩ ርቀው እንዳይኼዱ በመመኘት፥ ስካውትንና ቬሎሴት የምትባለውን ሌላዋን የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቱን በከተማው ለሚገኝ ነጋዴ ሸጣቸው። ጃንዋሪ 6 ቀን 1978 በ78 ዓመቱ ዐረፈ። በ2005 ሮጀር ዶናልድሰን እንደገና ተመልሶ ታሪኩን በትያትር መልክ በፊልም ሠራው፤ የመንሮንም ስፍራ የያዘው ታዋቂው ተዋናይ አንቶኒ ሆፕኪንስ ነበር። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ የሞተር ብስክሌት ማኅበር በክብር መዝገቡ ውስጥ ስሙን አስገባ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም፤ እኛንም ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ቀጥሎ ያለው ነው። በ1967 የተመዘገበለት ፍጥነት በሰዓት 183.586 ማይል ነበር። መንሮ ከሞተ ብዙ ዓመት በኋላ ልጁ ያንን መዝገብ ሲመለከት የሁለቱ ሩጫዎች አማካይ በትክክል እንዳልተሰላ አስተዋለና ለማኅበሩ አስታወቀ። ማኅበሩም ሒሳቡን መርምሮ ስሕተት መኖሩን ስላረጋገጠ፥ በ2014 መዝገቡን ወደ 184.087 ማይል፥ ማለትም 296.26 ኪሎሜትር አስተካከለው። ልዩነቱ ግማሽ ማይል ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ያ ግማሽ ማይል አንድ ሰው በብዙ ሌሊት ድካም ያገኘው ስለሆነ፥ 47 ዓመት ቈይቶም ቢሆን ለባለቤቱ መመለሱ ተገቢ ነው። በቤቱ ከሞተሩ ጋር የተሻማው ልጅ የአባቱን መብት ማስከበሩን ስናስብ፥ ከላይ የጻፍነው እሾህ ቢኖርም ፍቅር ከዚያ ቤት ፈጽሞ እንዳልጠፋ እናምናለን። ሒሳብ የማይወዱ ጓደኞቻችንም ማካፈልን በጥንቃቄ መማር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። አሮጌ ሞተር ብስክሌት በቤቱ የሚያድስ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መንገድ ማሽኗን ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን እንደነበረች አድርጎ መመለስ ነው፤ ቀለሟ፥ ብሎኗ፥ መብራቷም ሳይቀር እንደ ጥንቱ ይሆናል። ይህን የሚያደርግ ሰው ታሪክ ጠባቂ ነው። ሁለተኛው የመንሮ መንገድ ነው፤ ይኸውም ያረጀውን መሠረት ይዞ በላዩ አዲስ ዕውቀት መጨመር ነው። ሁለቱም መንገዶች ከአንድ ቦታ ይነሣሉ፤ እርሱም በትዕግሥት መፍታትና መመርመር ነው።

ስለዚህ እኛ በሥራ ክፍሉ ጥግ ስላለችው ሞተር ብስክሌት የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። መጀመሪያ በችኮላ እንዳንረግጣት፤ የተጣበቀ ፒስተን በግድ ሲረገጥ ይሰበራልና። ይልቅስ ካንዴላዋን ፈትተን በቀዳዳው ጥቂት ዘይት አፍስሰን ለብዙ ቀን እንተዋት። ሁለተኛ፥ የሚፈታውን ክፍል ሁሉ ከመፍታታችን በፊት በደብተር ላይ እንሣለው፤ ብሎኖቹንም ቍጥር በተጻፈባቸው ጣሳዎች ውስጥ እናኑር። የፈታ ሁሉ አይገጥምምና። ሦስተኛ፥ ሦስት ነገሮችን በተራ እንመርምር፤ እነርሱም የካንዴላው ብልጭታ፥ የቤንዚኑ መድረስና የሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ሞተሩ ይነሣል፤ አንዱ ከጎደለ የጎደለውን እንፈልጋለን። ቀለም መቀባትና ማሳመር የመጨረሻው ሥራ ይሁን። አራተኛ፥ የሚሰበረውን ክፍል ሁሉ እንደ መንሮ በመደርደሪያ ላይ እናስቀምጥ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ስሕተታችንን እንዳይደግሙ ይረዳቸዋል። አምስተኛ፥ ይህን ሥራ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንሥራ፤ ለጥናትና ለወላጆቻችን የሚገባው ጊዜ ለሞተሩ እንዳይሠዋ ይህ የመንሮ ሕይወት ያስጠነቅቀናል።

ይህች ሞተር ብስክሌት በሰዓት 184 ማይል ትሮጣለች ብለን አንዋሽም፤ በግቢው ውስጥ አንድ ዙር ከኼደች ይበቃናል። ትሸጥ ያሉትም ጓደኞቻችን ፈጽሞ ተሳስተዋል አንልም፤ የሚያድሳት ሰው ካልተገኘ በጥግ ቆማ መዛግ ለማንም አይጠቅምምና። የመንሮ ሕይወት የሚመሰክረው አሮጌ ነገር ሁሉ ውድ መሆኑን አይደለም። የሚመሰክረው፥ አንድ ዕቃ አብቅቷል ከመባሉ በፊት በትጉህ ሰው እጅ መፈተን እንዳለበት ነው። እኛ ስምንት ተማሪዎች ለመፈተን ስማችንን አስመዝግበናል። ፍርዱን ለመምህራችንና ለክፍላችን ትተን፥ ዘጠነኛ የሚሆነንን ተማሪ በዚህ ጽሑፍ እንጋብዛለን፤ ሞረድ ያለው ይዞ ይምጣ።